ከአውቶቡስ መስኮት የሚነበብ ፊደል

ፊደል ቁመት አለው፤ ስፋትም አለው። ሁለቱ ባልና ሚስት ይመስላሉ እንጂ አይስማሙም። አንዱን ስትጨምሩለት ሌላው ያኮርፋል። ይህን የማውቀው ዕድሜዬን በጽሕፈት ክፍል ስላሳለፍሁ እንዳይመስላችሁ። በጽሕፈት ክፍል ሳለሁ ፊደል ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ልክ ስለነበር ምንም አላውቅም ነበር። የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሐይቅ ከተማ፣ እቤቴ፣ በገዛ ፕሪንተሬ ፊት ተቀምጬ ነው።

ፕሪንተሩ ዶት ማትሪክስ የሚሉት ዓይነት ነው። ላላያችሁት፣ ከባድ ሣጥን ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን መርፌዎች ቀለም የጠጣ ሪባን እየወጉ ፊደሉን ነጥብ በነጥብ ይሠሩታል። ወረቀቱም ጎንና ጎኑ የተበሳሳ፣ እየተጣጠፈ በካርቶን የሚመጣ፣ ካልቆረጡት የማያልቅ ነው። ሲሠራ ይጮኻል። ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተኝቶ አስቡ። የመሥሪያ ቤቴ ንብረት ነበር። ለውጡ የመጣ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊውንም፣ የበሩን ቀለምም፣ ፕሪንተሩንም ለወጠ። እኔም በዚያው ሰሞን ወጣሁ። እሱ በጨረታ ወጣ፣ እኔ በደብዳቤ። ከእኔ ሌላ የሚጫረት ሰው ስላልመጣ፣ አሮጌ ኮምፒውተሩን አስከትለን ተያይዘን ወደ ቤት ገባን።

ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ «የጽሕፈት አገልግሎት» ብዬ ለጥፌ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ትልቅ ፊደል የታዘዝሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለግሸን ማርያም በዓል ምእመናን የሚያመላልስ ሹፌር፣ በአውቶቡሱ መስታወት ላይ የሚለጥፈው «ግሸን» የሚል ጽሑፍ ፈለገ። አተምሁለት። ለጥፎት ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየው። ከዚያ ቀረብ አለ። ከዚያ አፍንጫው መስታወቱን ነካ።

«እትዬ» አለኝ በአክብሮት፣ «ይኸን ለማንበብ የሚጠጋ ሰው ያንኑ መንገድ በእግሩ ቢሄድ ግሸን ይገባል።»

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀበርሁት። ፕሪንተሩ በጎታው አፍ አልገባ ስላለኝ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ቤት ለቤት የሚበረብሩት ሰዎች ሲመጡ ቴሌቪዥኑን ወሰዱ፣ ብርድ ልብሱን ወሰዱ፣ የድስት ክዳን ሳይቀር ወሰዱ። ፕሪንተሩን ለሁለት አነሱት፣ መዘኑት፣ ተያዩ፣ መልሰው አስቀመጡት። አንደኛው እንዲያውም የአቧራ ጨርቁን አስተካክሎ አለበሰው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅር መሰኘት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጦርነቱ ከከተማችን ወጥቷል። መብራት እየመጣ ይሄዳል፤ ስልክ ግን ገና አልተመለሰም። ፋጡማ እኔ ዘንድ ናት። ፋጡማ የውጫሌ ሰው ናት፤ ድሮ በገበያ ቀን ቅቤ ታመጣልኝ ነበር። ክረምት ላይ ተኩሱ ውጫሌ ሲደርስ ያለ ቅቤ መጣች። ያን ሁሉ ወራት አብረን ከረምን። ጧት እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም በአንድ አፍ ስለ ጨው መጥፋት እናማርራለን።

አንድ ሰኞ ጋሽ ይመር ከደሴ ተመለሰ። ጋሽ ይመር ጎረቤቴ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቀብርና ለችግር የሚሰባሰብበት የቅሬያችን ዳኛ ስለሆነ፣ ማንም ሳይጠይቀው በማንኛውም ነገር ላይ ይፈርዳል።

«ፋጡማ፣ ምሥራች» አለ ገና በሩ ላይ ሳለ። «ሰዓዳ ከጅዳ መጥታለች። አዲስ አበባ ናት። ደሴ ላለው ዘመድሽ በሰው ስልክ ደውላ፣ ሐሙስ በአውቶቡስ በቀጥታ ውጫሌ እገባለሁ ብላዋለች።»

ፋጡማ ቁጭ አለች። «አልሃምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ደግሞ «ውጫሌ?» አለች።

«ውጫሌ።»

«እኔ እዚህ መሆኔን አልነገራትም?»

«ሊነግራት ሲል መስመሩ ተቆረጠ። መልሶ ቢደውል ስልኩ የመንገደኛ ኖሯል፤ ሰውዬው ‹እኔ አላውቃትም፣ ሄዳለች› አለው።»

ሰዓዳ የፋጡማ አንድ ልጇ ናት። ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር የሄደች ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። የውጫሌው ቤት ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ከእሷ የመጣ ነው። ያ ቤት አሁን የለም። ግድግዳው ከፊሉ ቆሟል፤ ቆርቆሮው የት እንዳረፈ አይታወቅም። ይህን ፋጡማ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሰዓዳ አታውቅም።

«ታዲያ ውጫሌ ሂጂና ጠብቂያት» አልኋት።

«ፍርስራሹ ደጅ ቆሜ?» አለች። «አልሄድም፣ እታለም። ከቤቱ በፊት እኔን ትየኝ። ቤቱን አስቀድማ ካየች የእኔንም ነገር እዚያው ትጨርሰዋለች።»

ችግሩ አውቶቡሶቹ ሐይቅ ላይ አለመቆማቸው ነው። ሰዓት እላፊ ሳይደርስባቸው ለመግባት ስለሚጣደፉ፣ በየኬላው የጠፋባቸውን ጊዜ የሚያካክሱት በእኛ ከተማ ነው። ሲያልፉ የመንገዱ ዳር ሱቆች መዝጊያ ይርገበገባል። እናቲቱ መንገድ ዳር ብትቆም ደግሞ ልጅቱ ሳትለያት ልታልፍ ትችላለች። ፋጡማ በዚያ ክረምት ግማሿ ነበር የቀረው።

«ከመስኮት ሆና የምታነበው ነገር ጻፊላት» አለችኝ።

«ከሰል አለ» አለ ጋሽ ይመር። «ጆንያ ተርትረን በከሰል እንጻፍበት።»

«ማሽን ያለው ሰው በከሰል አይጽፍም» አልሁ። ከዚያ በኋላ የደረሰብን ሁሉ ከዚህች ንግግሬ የመጣ ነው።

ኮምፒውተሩን ከጎታው አውጥቼ መጀመሪያ የጻፍሁት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለወይዘሪት ሰዓዳ። እናትዎ ወይዘሮ ፋጡማ በአሁኑ ጊዜ በሐይቅ ከተማ በመልካም ጤንነት ላይ የሚገኙ ስለሆነ፣ ጉዞዎን አቋርጠው እዚሁ እንዲወርዱ በትሕትና እናሳስባለን።» ፊደሉን ከወትሮው አተለቅሁት። ጋሽ ይመር መነጽሩ በጦርነቱ ስለጠፋበት ከቅርብ አያይም፤ ከሩቅ ግን ሐይቁ መሐል ያለችውን ታንኳ ከነቀዛፊው ይለያል። ለፈተና ከእሱ የተሻለ ሰው አልነበረም። መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ቆመ።

«በይ ዘርጊው» አለ።

«ዘርግቼዋለሁ።»

«በጽሑፉ በኩል አዙሪዋ።»

በጽሑፉ በኩል ነበር።

ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠና ፈረደ። «አውቶቡሱ ቆሞ፣ ሹፌሩ ምሳ በልቶ፣ ተሳፋሪው ተራ ይዞ ነው ይኸን የሚያነበው። ቃል ቀንሺ፣ ፊደል አተልቂ።»

ቃል መቀነስ ጀመርን። «ወይዘሪት» ወጣች። «በአሁኑ ጊዜ» ወጣ። «በትሕትና» ላይ ብዙ ተከራከርሁ፤ እሱም ወጣ። እኛ በምንቀንስበት ሰዓት ፋጡማ ትጨምራለች።

«ደህና ነኝ የሚለው አይውጣ። ፍየሏም ደህና ናት በይልኝ፤ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ ፍየሏ ነው።»

«ፍየሏ እኮ ተበልታለች» አለ ጋሽ ይመር።

«እሱን ስትወርድ እነግራታለሁ።»

በመጨረሻ «ሰዓዳ ውረጂ» ላይ ተስማማን። ለእኔ ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል። መሥሪያ ቤት ቢሆን ማንም አይፈርምበትም ነበር።

የፊደሉን ቁመት ወረቀቱ እስከቻለ ድረስ አሳደግሁ። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ሳለሁ ብዙ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ለማጨቅ ስል ስፋቱን በግማሽ አጥብቤው ነበር፤ ያ ትእዛዝ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ፊደሎቹ ረዘሙ፣ ቀጠኑ፣ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ወጡ።

«አሁን ታየኝ» አለ ጋሽ ይመር ከማዶ።

«ምን ይላል?»

«አጥር ነው። ጥሩ አጥር ነው።»

ፋጡማ ማንበብ አትችልም። ግን ቀርባ አየችውና «ያ ረቢ፣ ምነው እንዲህ ከሳች?» አለች።

ፕሪንተሩ ግንባር ላይ ፊደል የሚያሰፋ ቁልፍ አለ። እሱን ተጫንሁ። ለውጥ የለም። ደግሜ ተጫንሁ፣ አጥሩ አጥር ነው። ቁልፉ የሚያዘው ለካ ፕሪንተሩ ከፋብሪካ ይዟቸው የመጣውን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብቻ ነው። አማርኛውን ከኮምፒውተሩ እንደ ሥዕል ተቀብሎ ስለሚያወጣው አያውቀውም። ይህን የተረዳሁት ፕሪንተሩ ራሱን የሚፈትሽበትን ገጽ ሳወጣ ነው። ኤና ቢ እንደ ሠርገኛ ጠግበው ተንሰራፍተዋል።

ጋሽ ይመር ገጹን እጁ እስኪያልቅ አርቆ ያዘና አየው። «የፈረንጁ ፊደል ሲወፍር የኛ ልጅ ትክሳ?» አለ። «ከሰሉን ላምጣው?»

«አይመጣም» አልሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ፊደሉን በረጅሙ ወረቀት ላይ በጎኑ እያስተኛ የሚያትም አሮጌ ፕሮግራም አለ። በዚህ ዓይነት ሲታተም የፊደሉ ቁመት የወረቀቱን ወርድ ያህላል፤ ስፋቱ ግን ወረቀቱ እስኪያልቅ ሊሄድ ይችላል። ስፋቱ በቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ። መብራት ሳይሄድብኝ ብዬ ስጣደፍ አንድ ዜሮ አበዛሁ። አንድ ዜሮ ባዶ ነገር ይመስላችኋል።

ፕሪንተሩ ጥርርር እያለ ሄደ፣ ጥርርር እያለ ተመለሰ። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ወረደ፣ ወለሉን አቋረጠ፣ የበሩን ደፍ ተሻገረ። ፋጡማ ደጅ ተቀምጣ ጭኗ ላይ እየሰበሰበች ታጥፋለች። የሚወጣው ጥቁር ነገር ብቻ ነው።

«ይኸ ምኗ ነው?» አለችኝ።

«የ‹ሰ› አንደኛው እግር ነው።»

«ስንት እግር አላት?»

«ሁለት።»

«ወላሂ፣ እኔ ከውጫሌ እዚህ በእግሬ ስመጣ እንዲህ አልረዘመብኝም።»

ጩኸቱ ሰፈሩን አስደነገጠ። ያን ሰሞን በፍጥነት የሚንጣጣ ነገር የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይተኛል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል። ትንሽ ቆይቶ በሰፈሩ የሚዞር አንድ ሚሊሻ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ በሩ ላይ ቆመ። ፕሪንተሩን አየ። ወረቀቱን በዓይኑ ተከትሎ እስከ ፋጡማ ጭን ድረስ ሄደና ተመለሰ።

«እናቴ» አለኝ፣ «ይኸ ነገር ፈቃድ አለው?»

«የንግድ ፈቃድ አለኝ።»

አሰበበት። «እንግዲያው አጭር አጭር አድርገሽ ተኩሺው። አገሩ ገና አልተረጋጋም» ብሎኝ ሄደ።

አጭር ማድረግ የምችል ብሆን ኖሮ ምን ቸገረኝ። መብራቱ ሄደ፣ መጣ። ካቆመበት ለማስቀጠል ስታገል መሸ። በመጨረሻ «ዳ» ስታልቅ የካርቶኑ ወረቀትም አብሮ አለቀ። «ውረጂ» ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረች። ሪባኑ ያረጀ ስለነበር «ሰ» ጥቁር፣ «ዓ» ግራጫ፣ «ዳ» ደግሞ የፈሰሰ ሻይ ይመስል ነበር። ደጅ መሬት ላይ ዘረጋነው። ከእኔ በር ተነሥቶ ጋሽ ይመር በር ደረሰ። ጋሽ ይመር ብቅ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደበት።

«ስሟን ብቻ?» አለ።

«ስሙን ያየ ሰው ይቆማል» አለች ፋጡማ። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ፊደል በመዳፏ ዳሰሰች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፣ ወደ ሦስተኛውም። እኔ ሪባኑን ላይ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ ከረፋዱ ጀምሮ ከከተማው መውጫ በወዲህ በኩል መንገድ ዳር ቆምን። እኔ የ«ሰ»ን ጫፍ፣ ጋሽ ይመር የ«ዳ»ን ጫፍ ይዘናል። ፋጡማ መሐል ላይ «ዓ»ን ደግፋለች። ለአንድ ነገር አልተዘጋጀንም ነበር፤ ለንፋስ። ከሐይቁ በኩል ንፋስ መጣ፣ ሰዓዳ ተነሥታ ፊቴ ላይ ተጠመጠመች። በዚያች ቅጽበት አንድ አውቶቡስ በአጠገባችን አለፈ። ወረቀቱን ከፊቴ ስገልጥ የቀረልን አቧራው ነው።

«ነበረችበት?» አለች ፋጡማ።

ጋሽ ይመር እንኳ አልፈረደም።

«ሌላ አለ» አልሁ። «ከደሴ በኩል የሚመጣው አንድ ብቻ አይደለም።»

ፋጡማ መንገዱን ወደ ውጫሌ በኩል አየችው። ከዚያ ፊቷን መልሳ ወደ ደሴ በኩል ቆመች።

ሁለተኛው ንፋስ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። የጋሽ ይመርን ጫፍ ከእጁ መንትፎ አስፋልቱን አሻግሮ ወሰደው። ጋሽ ይመር ነጠላ ጫማውን ጥሎ ተከተለው፣ ማዶ ያዘው፣ እንዳያመልጠው በሁለት እጁ ወጥሮ ቆመ። ፋጡማ «ዓ»ን ለቅቃ ወደ እኔ ተጠጋች፤ እኔም እንዳይቀደድ ብዬ በወዲህ በኩል ወጠርሁ። በጉልበት ልክ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ነጭ ነገር መንገዱን ዘጋ። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ያለው ይኼኔ ነው።

ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። የፊተኛው ጎማ «ዓ» ላይ ወጥቶ ቆመ።

ያን ጊዜ ላልነበራችሁ ይህን ልንገራችሁ። በእኛ መንገድ ላይ አንድ ገመድ ተወጥሮ ያየ መንገደኛ ማንም ሳያዘው ይወርዳል። በሩ ተከፈተ። ሰዎቹ ወረዱ፤ ወንዶቹ በጋሽ ይመር በኩል፣ ሴቶቹ በእኛ በኩል ተሰለፉ። ወንዶቹ መታወቂያቸውን በጥርሳቸው ይዘው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ትናንት እዚህ ኬላ አልነበረም» አለ፤ ተቃውሞ አልነበረበትም።

ጋሽ ይመርን ሳየው ወረቀቱን ድንጋይ ጭኖበት የመጀመሪያውን ሰው ኪስ ይዳስሳል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«እጁን አነሣ እኮ፣ ጸሐፊዋ። ዝም ልበለው?»

ሴቶቹ ፋጡማ ፊት ተሰልፈዋል። የመጀመሪያይቱ ዘንቢሏን ገልጣ «ሽሮ ነው፣ እማማ» አለች። ፋጡማ ዘንቢሉን አላየችም። ፊቷን አየች። «አብሽሪ፣ ክደኚው» አለቻት። ሁለተኛይቱንም ፊቷን አየች። ቀጣይዋንም። እያንዳንዷን ለረጅም ጊዜ ታያለች። እንዲህ ያለ ፍተሻ ገጥሟቸው ስለማያውቅ ሴቶቹ ከዕቃው ፍተሻ የበለጠ ፈሩ።

መጨረሻ ላይ ጥቁር ዓባያ የለበሰች ወጣት ቀረች። ጎንበስ ብላ የእጅ ቦርሳዋን ትበረብራለች። ቀና ሳትል ፓስፖርቷን ዘረጋች።

«እማማ፣ መታወቂያ የለኝም፣ ይኸ ነው ያለኝ። ሻንጣዬ ከላይ ነው። ላስወርደው?»

ፋጡማ ፓስፖርቱን ተቀበለች። ገልጣ ፎቶውን አየች።

«አስወርጂው» አለች። «የምትወርጂው እዚህ ነው።»

«ምን አጠፋሁ?» አለች ልጅቱ፤ ያኔ ነው ቀና ያለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ወረቀቱን መሰብሰብ ነበረብኝ። ከጎማው ሥር ለማውጣት ደግሞ ሹፌሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሂድ ማለት ነበረብኝ።

ሹፌሩ ሴቶቹ ወዳሉበት ብዙ ጊዜ ካየ በኋላ ዝግ ብሎ «እትዬ፣ ፍተሻው አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ።»

«የምትፈልጉትን አገኛችሁ?»

«አገኘን» አልሁት።

ጋሽ ይመር ዞር ብሎ ሲያይ ወንዶቹ አሁንም እጃቸውን እንዳነሡ ናቸው። «አውርዱ እንጂ» አላቸው፣ ራሳቸው ፈልገው ያነሡት ይመስል። ባዶ እግሩን አስፋልቱን ተሻግሮ ጫማውን ፍለጋ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰዓዳ ክንዴ ላይ ያለውን የወረቀት ክምር አይታ «ይኸ ገመዱ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ስምሽ ነው» አለ ጋሽ ይመር ቀድሞኝ። «አንብበሽው ነው የወረድሽው ብለን ነበር።»

የቤቱን ነገር ፋጡማ መቼ እንደነገረቻት አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። የፍየሏን ነገር የነገረቻት ግን መንገድ ላይ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ልጅቱ ለፍየሏ አለቀሰች። ውጫሌ አብረው ሄደው፣ አብረው አዩት። በበጋው ከቆመው ግድግዳ ጋር አጋጥመው አንዲት ክፍል ሠሩ።

ክፍሏ ተመርጋ ስትደርቅ እኔና ጋሽ ይመር ልንጠይቃቸው ሄድን። በአገራችን የጭቃ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጠፋል፤ ያን ሰሞን ግን ጋዜጣ የት ይገኛል? ፋጡማ ያንን ወረቀት ወስዳ ኖሮ በዱቄት ሙጫ ዙሪያውን ለጥፋዋለች። አንደኛው ግድግዳ ላይ «ሰ» ናት። በሁለተኛው ላይ «ዓ»፣ ከነጎማው ምልክት። በሦስተኛው ላይ «ዳ»። አራተኛው የበሩ ግድግዳ ነው፣ ባዶ ነው። ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ናቸው፤ አልጎደሉም፣ አልተረፉም።

መሐል ላይ ተቀምጬ ዞር እያልሁ አየሁ። «ስፋቱ ልክ ነው» አልሁ።

ጋሽ ይመር ከቅርብ ስለማይታየው ወጥቶ ደጅ ቆመና በበሩ አሻግሮ ተመለከተ። እንደ ልማዱም ፈረደ።

«በከሰል ቢሆን» አለ፣ «ይኼኔ ለቅቆ ነበር።»